መርከቤ ጤነኛ ነው

ሥራዬ ገመድ ነው፤ ገመድና ብረት፣
ቁልቁል የወረደን ሽቅብ መጎተት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቫልፓራይሶ ላይ፣
ሰው ሳወጣ ኖርኩኝ ከባሕር ወደ ሰማይ።
በመጋቢት ወር ግን ወረቀት ተለጥፎ
ቆመ ሰረገላው፣ በሩ ተቆልፎ።
በሽታ ገብቷል አሉ፤ ቤታችሁ ግቡ አሉ፤
በሳምንት ሁለቴ፣ በፖሊስ ፈቃድ ነው የምትወጡት አሉ።

ገባሁ።
እጄ ግን አልገባም፤ ጎህ ሲቀድ ይነቃል፣
በጨለማው መሐል ማርሹን ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን ወር ባልነግራችሁ ይሻል።
ራዲዮ ታቅፌ ቁጥር ስሰማ ነበር፤
ቁጥሩ ራት አይሆን፣ ቁጥሩ አይቀበር።
ልጄ ኦዲሊያ ከሳንቲያጎ ደውላ፦
«አባባ፣ ትንፋሽህን በአፍንጫህ ሳበው፣
አራት ድረስ ቁጠር፣ በቀስታ ልቀቀው።»
ሞከርኩት።
ሦስት ላይ ስደርስ ሳል መጣ ሳይጠራ፤
ሌሊቱን በሙሉ ያችን ሳል ስፈራ፣
ሙቀቴን ስለካ፣ ግንባሬን ስዳስስ፣
ነጋ። ምንም የለም። አቧራ ነው ለካስ።

ያን ዕለት ራዲዮውን ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፣
ከባቄላው ጋራ፤ ክዳን ከደንኩበት።
ማታ፣ ለዜና ሰዓት፣ አሥር ደቂቃ ይወጣል፤
የቀረውን ወሬ ባቄላው ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ እንግዲህ ትንንሽ ነገር ነው።
የበሩን ማጠፊያ ዘይት መቀባት ነው፤
አይጮህም ነበር። ግድ የለም፣ ቀባሁት።
ደጄ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ደረጃዎች
ጠዋት ጠረግኋቸው፣ ማታ ጠረግኋቸው፣
ማንም ሰው በመሐል ሳይረግጣቸው።
ብርቱካን ስልጥ ደግሞ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፣
አንድ ወጥ ጥምዝምዝ፣ ከጫፍ ጫፍ እስኪደርስ፣
ሌላ አላስብም። ከተበጠሰብኝ
እናደዳለሁ ግን፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣
ኔሊዳ ትኖራለች።
የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገመዱ ቢቆም፣
«ሰነፍ» ብላኝ ነበር፤ እኔም አልረሳሁም።
የመርከብ ባንዲራ ስትሰፋ የኖረች፣
የእያንዳንዱን ጨርቅ ቋንቋ የምታውቅ ነች።
በሚያዝያ አንድ ማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ፣
ቢጫ ጨርቅ ሰቀለች፣ ከመስኮቷ ማማ።
ደወልኩ። «ምንድን ነው?»
«የባሕር ቋንቋ ነው፤
መርከቤ ጤነኛ ነው፣ ወደብ አስገቡኝ ነው።»
«የት ልትገቢ?» ብላት ስልኩን ዘጋችብኝ።
በማግስቱም ሰቀለች። በማግስቱም።
እኔም ከዚህ በታች፣ ከጓዳዬ መስኮት፣
መብራት አጥፍቼ አበራሁ፣ ሁለቴ፣ ለምልክት።
ሳንማማል እንዲሁ፣ ይህ ሆነ ውላችን።

ሰኔ ገባ። ክረምት። ጉም ወደቡን ዋጠው።
አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ገለጥ ቢልም፣
መስኮቷ ባዶ ነው፤ ቢጫ ጨርቅ የለም።
አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ስልኩ ይጮሃል እንጂ፣ የሚያነሣው የለበት።

የሳምንቱ ፈቃድ አልቋል። ወጣሁ እንዲሁ፤
ከቆመው ሰረገላ ጎን ደረጃውን ያዝሁ።
መቶ ስልሳ አንድ ነው።
ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሳወጣ በገመድ
ለካ አላውቀውም ይህን የእግር መንገድ።
ሰማንያ ላይ ቆምኩ። ጭምብሌ ረጥቧል።
ያች የኦዲሊያ ምክር ትዝ አለችኝ፦
በአፍንጫ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት ደረስኩ። አላሳለኝም።

በሩን ደበደብኩ። ዝም። ደገምኩት።
ተከፈተ።
ፀጉሯ ተበትኗል፤ ጉንጯ ላይ
የትራሱ ስፌት ታትሟል።
«ምን ሆነሃል?» አለች።
«ጨርቁስ?» አልኳት።
«ተኝቼ ነበር» አለች፣ እንዳፈረ ሰው፤
«ከመጋቢት ወዲህ፣ ገና ዛሬ ነው።»

የምላት ጠፋኝ።
የተዘጋጀሁት ለሌላ ነገር ነበር።
ሁለት ሜትር ርቄ፣ ደጃፏ ተቀምጬ፣
ከኪሴ ያገኘሁትን ብርቱካን ልጬ፣
ልጣጩ ተበጠሰ፣ ሦስት ቦታ፤
ግድ አልሰጠኝም።
ግማሹን ወረወርኩላት። አልደረሰም፤
ተንከባሎ ተንከባሎ ቁልቁል ወረደ ወደ ባሕር።
«ሰነፍ» አለችኝ።

ቢጫው ጨርቅ ያን ቀን በስድስት ሰዓት ወጣ።
ስመለስ ቆጠርኩት፤ መቶ ስልሳ ሆነ።
አንዷን ደረጃ የት እንደጣልኳት እንጃ።